ሁድሁድ የሌለበት ጨዋታ፦ በጠረጴዛ ዙሪያ «ዊዛርድ» ለሆናችሁ ወንድሞቻችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ይህን ጽሑፍ ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ ትስቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «መስጂድ ያለ ሰው ይሄ ምን አገባው?» ትላላችሁ። ሳቁም፣ ጠይቁም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡት። የምንጽፈው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ስለሚባለው የጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ ነው። በተለይም በጨዋታው ከፍተኛ ደረጃ የደረሰ «ዊዛርድ» ስለሚይዘው ኃይል፣ ያ ኃይል ሚዛን ሲያጣም በወንድማማቾች መካከል ስለሚያደርሰው ጉዳት።

■ መጀመሪያ የራሳችን ጥፋት

እዚህ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ እሑድ ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ አምስት ወጣቶች አሉ። ሦስቱ እኛ ዘንድ የሚቀሩ ደረሶች ናቸው። ከወራት በፊት ከሦስቱ አንዱ ከደርስ በኋላ ቆየና «ኡስታዝ፣ ስለ አንድ ጨዋታ ልጠይቅዎት ነበር» አለን። «ጨዋታው ላይ ድግምት የሚሠራ ሰው አለ…» ብሎ ገና ሳይጨርስ «ሐራም ነው፣ ተዉት!» አልነው። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ጨዋታውን አልተዉም። የተዉት ለእኛ መንገሩን ነው። ልጁ ሊጠይቀን የመጣው ስለ ሐላልና ሐራም እንዳልነበረ የሰማነው ቆይተን ነው። የመጣው «አንዱ ጓደኛችን ሊቀርብን ነው፤ እንዴት እናድርግ?» ሊለን ነበር። እኛ ጥያቄውን ሳንሰማ መልስ ሰጠን። ጓደኛቸውም ቀረ። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ አላህ ይማረን።

ከዚያ በኋላ አፍረን ሄድን፤ አብረናቸው ተቀምጠንም አየን። አሁን የምንናገረው ካየነው ተነሥተን ነው።

■ ለማታውቁት

ጨዋታው በአሜሪካ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሰዎች በ1974 ያወጡት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ልጆቹ «ዲኤም» ይሉታል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ፦ አንዱ ሰይፍ የያዘ ተዋጊ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ዊዛርድ። መሪው «ከፊታችሁ የተዘጋ በር አለ» ይላል፤ እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳዶ ይወስናል። ሁሉም ከ1ኛ ደረጃ ተነሥቶ እስከ 20ኛ ያድጋል።

ችግሩ እድገቱ ላይ ነው። ተዋጊው ሲያድግ ያው ሰይፉን የበለጠ ይመታል። ዊዛርዱ ሲያድግ ግን መጀመሪያ እሳት ይወረውራል፤ ቀጥሎ ይበርራል፤ ቀጥሎ ከአገር አገር በቅጽበት ይሻገራል። 17ኛ ደረጃ ሲደርስ «ዊሽ» የሚባለውን ያገኛል፤ በአፉ የተመኘውን የሚያስፈጽም ማለት ነው። በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ነገሩ ይበልጥ ገንኖ ተጫዋቾች ለዓመታት ተጨቃጭቀውበታል። በ2023 የወጣው «ባልደርስ ጌት 3» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ደግሞ ተጫዋቹን ከ12ኛ ደረጃ በላይ አያሳልፍም፤ ከዚያ በላይ ያለው ድግምት ለሠሪዎቹ እንኳ የሚያስቸግር ነውና።

■ በባኬ ጃማው ክፍል የሆነው

ተዋጊ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ እንጨት ቤት ይሠራል። እሑድ ብቻ ነው የእሱ። ዊዛርዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከዓመት በላይ አብረው ተጫውተዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዊዛርዱ በአንድ ምት የሚወድቅ ደካማ ነበር፤ ከፊቱ ቆሞ ዱላውን ሲቀበልለት የነበረው ተዋጊው ነው።

አንድ እሑድ ከተማቸው በጠላት ጦር ተከበበች። እንጨት ቤት የሚሠራው ልጅ በሳምንቱ ውስጥ በደብተር ላይ ካርታ ሥሎ መጣ፤ በየትኛው በር ሌሊት እንደሚወጡ፣ ማን ድልድዩን እንደሚይዝ ሁሉ አስቦበታል። መናገር ሲጀምር ዊዛርዱ «ዊሽ እላለሁ፤ ጦሩ ይጥፋ» አለ። መሪው «ጠፋ» አለ። አለቀ። ልጁ ደብተሩን አጠፈ።

አሁን ልብ በሉ። የጨዋታው ሕግ ለዚህ ድግምት ዋጋ ቆርጦለታል። ዊሽን ዝቅ ያሉ ድግምቶችን ለመቅዳት ብቻ ከተጠቀመ ምንም የለበትም፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከተመኘ ግን ሰውነቱ ለቀናት ይደክማል፣ ድግምቱንም ዳግመኛ ለዘላለም ያለማግኘት ዕድሉ ከ100 33 ነው። ሌባ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ይህን ሲያስታውስ መሪው «ይቅር፣ ጨዋታውን አናበላሽ» አለ። ጨዋታው የተበላሸው ግን ያን ጊዜ ነው።

ተዋጊው ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ መጣ፤ በሦስተኛው ቀረ። ሲጠይቁት «ሥራ ቦታም ሌላው ሲያዝ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ እሑድም ቁጭ ብዬ ልይ?» አላቸው። እኛ ሄደን ያየን ዕለት ወንበሩ ባዶ ነበር። ዊዛርዱ ብቻውን ይናገራል፣ መሪው «እሺ» ይላል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ስልካቸውን ይነካካሉ። አንድ ውጊያ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ስምንት ሰዓት «ይተኛሉ»፤ የዊዛርዱ ኃይል ሁሉ ይመለሳል፤ ደግሞ አንድ ውጊያ። ይህ ነው ጨዋታ የተባለው።

■ «ሐራም ነው አይደለም?» ለምትሉን

ፈትዋ ልንሰጥ አይደለም፤ ያ የዑለማኦቻችን ቦታ ነው። ግን ሦስት ነገር ለይተን እንናገር።

አንደኛ፣ ሲሕር ከሰባቱ አጥፊ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን ሕፃን ደረሳ ያውቀዋል። ነገር ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጂን አይጠራም፣ ክታብ አይጻፍም፣ የሚያምንበትም የለም። በታሪክ ውስጥ ሌባ ሆኖ የተጫወተ ሰው እጁ አይቆረጥም። ሆኖም «ክለሪክ» የሚባለው ገጸ ባሕርይ ኃይሉን ከአማልክት የሚለምን ነው፤ ይህን ከጨዋታችሁ አውጡት። ሺርክ በቀልድም አፍ ላይ አይቀመጥም።

ሁለተኛ፣ ዳዶ። በነርድ ጨዋታ ላይ የመጣው ከባድ ሐዲስ በሙስሊም ዘገባ የታወቀ ነው። የሻፊዒይ መዝሀብ ፉቀሃዎች በማሰብና በማስላት ላይ የቆመን ጨዋታ በዕድል ላይ ከቆመው ለይተዋል፤ ቼዝን መክሩህ ያሉትም ቁማርና ሰላት ማሳለፍ ከሌለበት ነው። ሌሎቹ መዝሀቦች በቼዝም ይጠብቃሉ። «በስልክ ነው የምንጥለው» ማለት ዳዶን ዳዶ ከመሆን አያወጣውም። እኛ በዚህ አናቀልላችሁም፤ ዓሊም ጠይቁ። ዳዶ የሌለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ ከ1991 ጀምሮ እንዳለም እወቁ፤ «አምበር» ይባላል።

ሦስተኛ፣ መግሪብ እያዛነ የሚቀጥል ጨዋታ ስሙ ምንም ይሁን ምን ጥፋት ነው። በዚህ የሚከራከር የለም።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችን ወገን አንድ ቃል። በወረቀት ላይ ባለ ዊዛርድ የምንጮኽ ሰዎች፣ ሱቁ ገበያ አጣ ብሎ ክታብ የሚያስጽፈውን፣ ልጁ ታመመ ብሎ ዶሮ ይዞ ቃልቻ ቤት የሚሄደውን ጎረቤታችንን ስንቱን መክረናል? የውሸቱን እየገሠጹ እውነተኛውን ዝም ማለት ዲን አይደለም።

■ ሁድሁዱ ምን አለ?

አሁን ወደ ዋናው። ዊዛርዱ ወንድማችን «ኃይሉ የእኔ ነው፣ ሠርቼ ያገኘሁት ነው፤ ለምን አልጠቀምበትም?» ይላል። እስቲ ከሰው ልጅ ሁሉ የላቀ ሥልጣን የተሰጠውን እናስታውስ፤ ነቢዩላህ ሱለይማንን (ዐለይሂ ሰላም)። ነፋስ ተገርቶላቸዋል፤ ጂን ይሠራላቸዋል፤ የወፍ ንግግር ያውቃሉ። ከዚህ በላይ ምን ደረጃ አለ?

ሆኖም በሱረቱ ነምል ያለውን ታሪክ አስቡ። የሰበእን ንግሥት ወሬ ያመጣላቸው ማን ነው? ኢፍሪት አይደለም፤ ሁድሁድ የምትባል ትንሽ ወፍ ናት። ያች ወፍ በዚያ ታላቅ ንጉሥ ፊት ቆማ እርስዎ ያልደረሱበትን እኔ ደርሼበታለሁ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናገረች። ሱለይማንም አፏን አላስያዙም። ሰሟት፤ ቃሏን ሊያጣሩ ደብዳቤ ይዛ እንድትሄድ ላኳት። አያችሁ? ያን ሁሉ ሥልጣን የያዘ ሰው ዙሪያ ለትንሽ ወፍ ሥራ ነበራት።

ዙፋኑ በዓይን ጥቅሻ ከፊታቸው ሲቆምም «እኔ» አላሉም። ይህ ከጌታዬ ችሮታ ነው፤ አመሰግን እንደሆነ ሊፈትነኝ ነው አሉ። ኃይሉ ከነዋጋው መጣ፤ ዋጋውም ምስጋናና ተጠያቂነት ነው። ዙልቀርነይንም እንዲሁ። ምሥራቅና ምዕራብ የደረሰ ንጉሥ ግድቡን ሲሠራ ሰዎቹን በጉልበታችሁ አግዙኝ አላቸው። ብረቱን ያመጡት እነሱ ናቸው።

የጂኖቹንስ አትርሱ። ሱለይማን መሞታቸውን ሳያውቁ ሲለፉ ቆዩ፤ ነገሩን የገለጠው በትሩን የበላ ምስጥ ነው። ኢፍሪት ያላወቀውን ምስጥ ገለጠው! ለፍጡር የተሰጠ ኃይል ሁሉ ወሰን አለው። ሲሕር ራሱ ያለ አላህ ፈቃድ ማንንም እንደማይጎዳ በሱረቱል በቀራ ተነግሮናል። ታዲያ ወሰን የሌለው፣ ዋጋ የማይከፍል፣ የማንም እርዳታ የማያስፈልገው ዊዛርድ ከየት መጣ? ከወንድማችን ነፍስ ነው የመጣው።

■ የምትሰጡን ሰበቦች

«መጀመሪያ ደካማ ነበርኩ፤ አሁን ብበረታ ፍትሕ ነው» ትላለህ። መልሱ፦ ደካማ ሳለህ ማን ተሸከመህ? አንድ ዓመት የተሸከመህን ሰው በሁለተኛው ዓመት «ቁጭ ብለህ እየኝ» ማለት ፍትሕ ሳይሆን ክህደት ነው። ይህ በጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚሆን እንዳይመስልህ። እህቱ በዓረብ አገር የሰው ቤት ጠርጋ አስተምራው፣ ሲመረቅ ስልኳን የማያነሣ ስንት ወንድም አለ?

«እንግዲያው መሪው ድግምቱን ይከልክለው» ይላል ሌላው። በየደረሱበት ድግምት የማይሠራበት ዋሻ፣ ድግምት የማይነካው አውሬ። ይህም ግፍ ነው። ልጁ ሕጉን ጠብቆ ያገኘውን በጓሮ በር መቀማት ነው። የሰጡትን ይዞ መጥቶ «አይሠራም» የሚባል ሰው ሁለተኛ አያምናችሁም።

«ሁሉንም እኩል አድርጓቸው» የሚልም አለ። ይህ ተሞክሯል። በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ለተዋጊውም ለዊዛርዱም በአንድ ዓይነት መልክ የተደረደረ ችሎታ ሰጣቸው። ብዙ ተጫዋቾች «ሁሉም አንድ አንድ ይላል» ብለው ሸሹት፤ በ2014 የወጣው አምስተኛው እትምም ያንን መንገድ ተወው። ዐድል ማለት ሁሉን አንድ ማድረግ አይደለም፤ ነገርን በቦታው ማስቀመጥ ነው ብለው ዓሊሞቻችን ያስተማሩንን ነጋዴዎቹ በኪሳራ ተማሩት።

■ ታዲያ ሚዛኑ የት ነው?

ሚዛኑ ሩቅ አይደለም፤ ብዙው በሕጉ ውስጥ አለ፤ ያነሣችሁት እናንተ ናችሁ።

1ኛ. ዋጋውን አስከፍሉ። ዊሽ ዋጋ አለው ብለናል። በድሮዎቹ እትሞች ጓደኛህን በድግምት ብታፈጥነው አንድ ዓመት ያረጅ ነበር። ሰው ዋጋ ሲኖረው ያስባል፤ ነፃ ሲሆን ያባክናል። «ይቅርልህ» ያለው መሪ ለዊዛርዱ ያዘነ መስሎት በአራቱ ላይ ፈረደ።

2ኛ. ጊዜን አትግደሉ። ትልቁ ስሕተታችሁ ይህ ነው። 17ኛ ደረጃ የደረሰ ዊዛርድ ያን ከፍተኛውን ድግምት የሚሠራው ከእንቅልፍ እስከ እንቅልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የ2014ቱ የመሪዎች መጽሐፍ ቡድኑ በአንድ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት የሚደርስ መካከለኛና ከባድ ውጊያ መቋቋም ይችላል ብሎ ያሰላል። እናንተ ከአንድ ውጊያ በኋላ ስታስተኙት የስምንቱን ስንቅ ለአንዱ ሰጣችሁት። ጠላት አይተኛም፤ ታጋቹ ነገ ይሞታል፤ ወንዙ ዛሬ ይሞላል በሉ። ያኔ ዊዛርዱ ይቆጥባል፤ ሰይፍ የማያልቅበት ተዋጊ ምን እንደሆነም ይታያል።

3ኛ. አንዱን ይያዝ። በአምስተኛው እትም ብዙዎቹ ትልልቅ ድግምቶች ሐሳብን መሰብሰብ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ አይቻልም፤ ሲመቱት ሊያመልጠውም ይችላል። ይህ ሕግ ሲከበር ዊዛርዱ ከፊቱ የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። ሳይከበር ማንም አያስፈልገውም።

4ኛ. ድግምት የማይመልሰው ጥያቄ ይቅረብ። ጦርን ማጥፋት ይቻል ይሆናል፤ የተጣሉ ሁለት ጎሣዎችን ማስታረቅ ግን በዊሽ አይሆንም። ቃል መጠበቅ፣ አደራ መመለስ፣ የሸሸውን ሕዝብ ማሳመን፣ እነዚህ የሽማግሌ ሥራዎች ናቸው። እንጨት ቤት የሚሠራው ወንድማችን ያመጣው ካርታ ሁድሁድ ያመጣችው ዓይነት ወሬ ነበር፤ የሚሰማው አጣ።

ደግሞ ይህ ከውጭ የመጣ ጥበብ ብቻ አይደለም። የድሮው የአገራችን ሠንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለየው በአንዱ በዚህ ነው። በፈረንጅ አገር ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ንግሥት የሚሏት ጠጠር ሰሌዳውን አቋርጣ የምትሄድ ኃይለኛ ሆነች፤ በእኛ ፈርዝ ግን በሰያፍ አንድ ርምጃ ብቻ እየሄደ ቀረ። ከዚያም አልፎ ኃይለኞቹ ደርና ፈረስ የሰጡት ማት ብዙ አያስመሰግንም ነበር፤ የሚወደሰው ደካሞቹ፣ እነ መደቅ፣ የሰጡት ነው። አባቶች ጠንካራውን ጠጠር ከሰሌዳው አላወጡትም። ክብሩን ለደካማው ሰጡና ሚዛኑን ጠበቁ። ለእናንተ መሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

■ ከጠረጴዛው ውጭ

«ጨዋታ እኮ ነው!» ትሉናላችሁ። አዎ፣ ጨዋታ ነው። ግን ሰው የሚመኘው ነገር የሚታየው የሚከለክለው ሳይኖር ሲቀር ነው። በምናብ ዓለም ሁሉ ሲፈቀድልህ የመጀመሪያ ምኞትህ ወንድምህ የማያስፈልግህ መሆን ከሆነ፣ ነገ ሹመት ወይም ገንዘብ ስታገኝ ምን ልትሆን ነው? ጠንቋይ ቤት የሚሄደውም ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሳይለፋ፣ ሳይታገሥ፣ ማንንም ሳይለምን እንዲሆንለት። በጨዋታው ውስጥ ያ ነፃ ይመስላል፤ በእውኑ ዓለም ዋጋው ኢማን ነው።

ስለዚህ ለመሪው ወንድማችን፦ ዳኛ ነህ፤ አንዱን ለማስደሰት የአራቱን ሐቅ አትብላ። ለዊዛርዱ ወንድማችን፦ ኃይልህን ጣል አላልንህም። በሚቀጥለው እሑድ ከመጀመርህ በፊት «እናንተስ ምን ታስባላችሁ?» በል፤ ከሁሉም በኋላ ተናገር። ለሁለቱ ስልክ ለሚነካኩት፦ ዝምታችሁ ድርሻ አለው። ለእኛም ለራሳችን፦ ጥያቄን ሳንጨርስ መልስ አንስጥ።

ይህን ለልጆቹ ነግረናቸዋል። መሪው ትንሽ ተቆጥቷል፤ «ጨዋታችንን ሊያስተምሩን ነው» ብሏል። ዊዛርዱ ዝም አለ። ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎችና አምስት ወንበሮች ናቸው። እንጨት ቤቱ ከመስጂዱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ልጁም እስከ መግሪብ እዚያው ነው። በዊሽ የሚመለስ አይደለም። በእግር ሄዶ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ነው የሚፈልገው።

አላህ ከተሰጣቸው ጸጋ ጋር የሚያመሰግኑ፣ ከበታቻቸው ያለውን የሚሰሙ ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።